ትንንሽ ድሮኖችን የሚያዩና የሚመክቱ ወታደራዊ ሥርዓቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በጎንደር ከተማ የሠርግና የበዓል ቪዲዮ ከሚያነሡ ወጣቶች፣ ከአስጎብኚዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና በበዓላት ጊዜ ሕዝቡን ከሚያስተናግዱ ሰዎች በየጊዜው የሚነሡ ጥያቄዎችን ይመልሳል። የሚቀርበው ማብራሪያ ሁሉ በይፋ የሚታወቅ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ድሮን መከላከያ በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚወራው ብዙው ወይ የተጋነነ ወይ የተድበሰበሰ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከመሠረቱ ይዞ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። ከሁሉ በፊት አንባቢ እንዲይዘው የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ትንሽ ድሮንን ከመጣል ይልቅ በጊዜ ማየትና የማን እንደሆነ ማወቅ እጅግ ይከብዳል።

ገጹ የሚናገረው ስለ የትኞቹ ድሮኖች ነው?

በአገራችን ባለፉት ዓመታት በጦርነት ስማቸው የገነነው ትልልቆቹ ድሮኖች ናቸው። ለምሳሌ የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 12 ሜትር የሚሰፋ፣ ሲነሣ 700 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝንና ማኮብኮቢያ የሚፈልግ አውሮፕላን ነው። እንዲህ ያለውን መመከት የመደበኛው አየር መቃወሚያ ድርሻ ስለሆነ እዚህ አንመለከተውም።

እኛ የምንናገረው አንድ ሰው በቦርሳው ይዞ ከየትም ቦታ ሊያስነሣቸው ስለሚችላቸው ትንንሾቹ ነው። የአሜሪካ ጦር ድሮኖችን በክብደት ሲመድብ እስከ 9 ኪሎ ግራም ድረስ ያሉትን በአንደኛው፣ እስከ 25 ኪሎ ግራም ያሉትን በሁለተኛው ምድብ ያስቀምጣቸዋል። በከተማችን ለሠርግ ቀረጻ የሚውሉት ዓይነቶች ሁሉ በአንደኛው ምድብ ውስጥ ይገባሉ፤ ብዙዎች የሚያውቁት ማቪክ 3 ክብደቱ 895 ግራም ነው። ለጦርነት ተብለው ባይሠሩም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 በሞሱል ውጊያ የአይሲስ ታጣቂዎች ከገበያ በተገዙ ድሮኖች ላይ ትንንሽ ቦምቦችን አንጠልጥለው መጣል ከጀመሩ ወዲህ ጉዳዩን በቸልታ የሚያልፍ ጦር የለም።

ራዳር ያለው ጦር ትንሽ ድሮንን ማየት እንዴት ያቅተዋል?

ራዳር የሚያየው አንድ ነገር መልሶ የሚያንጸባርቀውን ሞገድ ነው። ባለሙያዎች ይህን አንጸባራቂነት በካሬ ሜትር ይለኩታል። አንድ ተዋጊ አውሮፕላን 1 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ አራት ፕሮፔለር ያለው የፕላስቲክ ድሮን 0.01 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ወፍ አንጸባራቂነት ጋር የሚቀራረብ ነው። ብዙ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን በራዳር ስሌት መሠረት አንጸባራቂነቱ መቶ ጊዜ ያነሰ ነገር የሚታይበት ርቀት የሚያንሰው በሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። አውሮፕላንን ከ100 ኪሎ ሜትር የሚያይ ራዳር፣ በስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ድሮኑን ከ30 ኪሎ ሜትር ሊያየው በተገባ ነበር።

እንዲህ የማይሆንበት ምክንያት ሌላ ነው። ነባሮቹ ወታደራዊ ራዳሮች የተሠሩት በፍጥነትና በከፍታ የሚመጣ አውሮፕላንን ለማግኘት ነው፤ ስለዚህም በዝግታ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ሁሉ፣ ወፍም ሆነ ዛፍ፣ ለሠራተኛው እንዳያስቸግረው ብለው ሆነ ብለው ከማሳያው ላይ ያጠፉታል። ትንሹ የገበያ ድሮን ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ75 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ፍጥነት ይዞ፣ ከቤት ጣሪያና ከኮረብታ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚበር በቀጥታ ወደዚህ መጣያ ይገባል። ማጣሪያው ሲላላ ደግሞ ማሳያው በወፍ፣ በመኪናና በነፋስ በሚወዛወዝ ዛፍ ምልክት ይሞላል። ድሮንን ለይተው የሚፈልጉ አዳዲስ ራዳሮች የተሠሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የእነርሱም ርቀት ለትንንሾቹ ድሮኖች ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

የርቀቱን ትርጉም በጊዜ ማስላት ይጠቅማል። በሰከንድ 20 ሜትር የሚጓዝ ድሮን በ3 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢታይ፣ እስኪደርስ ያለው ጊዜ 150 ሰከንድ ነው። በዚህ ሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነገሩ ወፍ አለመሆኑ መረጋገጥ፣ የማን እንደሆነ መታወቅ፣ ኃላፊው መወሰንና መሣሪያው መሥራት አለበት። ከኮረብታ ጀርባ ብቅ ያለ ድሮን ከሆነ ጊዜው ከዚህም ያጥራል።

ታዲያ በምን ይታያል?

በሥራ ላይ ያሉት መንገዶች አራት ናቸው፤ አንዱም ብቻውን አይበቃም።

አዲሱ ዓይነት ራዳር ድሮንን ከወፍ የሚለየው ከአካሉ ይልቅ በፕሮፔለሮቹ ነው። በፍጥነት የሚሽከረከሩት ፕሮፔለሮች በተመላሹ ሞገድ ላይ ልዩ ምልክት ይጥላሉ፤ ክንፏን የምታርገበግብ ወፍ የምትጥለው ምልክት ከዚህ ይለያል። እዚህ ላይ ጎንደርን የሚያውቅ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ከከተማችን ሰማይ ጭላት አይጠፋም፤ በተለይ በገበያና በእርድ ቦታ አካባቢ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያርገበግቡ ሲዞሩ ይውላሉ። ክንፉን የማያርገበግብ ጭላት በፍጥነትም፣ በከፍታም፣ በአዟዟርም ለድሮን ይቀርባል። ፕሮፔለር ስለሌለው ጥሩ ራዳር ይለየዋል፤ ርቀቱ ሲጨምርና ምልክቱ ሲደክም ግን ልዩነቱ እየጠፋ ይሄዳል። ለእንዲህ ያለ ሰማይ የሚመጣ ማናቸውም ራዳር እዚሁ፣ በዚሁ ወፍ መካከል መፈተን እንዳለበት እናምናለን፤ በበረሃ ወይም በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ የታየ ውጤት ለጎንደር ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ የሬዲዮ ሞገድን ማዳመጥ ነው። አብዛኞቹ የገበያ ድሮኖች ከሪሞታቸው ጋር የሚነጋገሩት በ2.4 እና በ5.8 ጊጋኸርዝ ሞገድ ስለሆነ፣ አድማጭ አንቴናዎች ይህን ንግግር ይሰሙታል። ይህ ዘዴ ራሱ ምንም ሞገድ ስለማይለቅ ማንንም አይረብሽም፤ በተጨማሪም ድሮኑን ብቻ ሳይሆን ሪሞቱን የያዘው ሰው ያለበትን አቅጣጫ ሊያሳይ ይችላል። በእኛ ግምት ለከተማ ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው። ድካሙ ግን ግልጽ ነው፤ መንገዱ አስቀድሞ ተሞልቶለት ያለ ሪሞት የሚበር ድሮን ምንም አይናገርምና አይሰማም።

ካሜራው፣ የቀኑም ሆነ ሙቀት የሚያነበው የሌሊቱ፣ ሰፊ ሰማይን ለመፈለግ አይመችም፤ ራዳሩ ወይም አንቴናው ባመለከተው ቦታ ላይ አተኩሮ ነገሩን በዓይን ለማረጋገጥ ነው የሚያገለግለው። ድሮኑ የተሸከመው ነገር መኖር አለመኖሩን የሚያሳየውም እርሱ ብቻ ነው። በክረምት ጉምና ዝናብ ጊዜ ዓይኑ ይታወራል። ማይክሮፎን ደግሞ የሞተሩን ድምፅ ይሰማል፤ ለትንንሾቹ ድሮኖች ርቀቱ ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ሲሆን የገበያና የመኪና ጫጫታ ይሸፍነዋል። ይሁን እንጂ ርካሽ ስለሆነ በብዛት ሊዘረጋ ይችላል፤ ዩክሬን ሩሲያ የምትልክባትን፣ ጮክ ያለ ሞተር ያላቸውን የሻሄድ ዓይነት የጥቃት ድሮኖች ለመከታተል በሺዎች የሚቆጠሩ ድምፅ አዳማጭ መሣሪያዎችን በአገሪቱ ዘርግታለች።

የታየው ድሮን የወዳጅ ይሁን የጠላት በምን ይታወቃል?

ለመሣሪያ መግዣ ገንዘብ ሲመደብ ተጨማሪ ጠመንጃና የሬዲዮ ሞገድ ማወኪያ እንጂ ይህ ጥያቄ ቅድሚያ ሲሰጠው አይታይም፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ግን በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ድሮን፣ ከአንድ ፋብሪካ ወጥቶ፣ በአንድ ሰማይ ላይ ለጋዜጠኛ፣ ለቀያሽ መሐንዲስ፣ ለሙሽራ ቪዲዮ፣ ለወታደርና ለጥቃት አድራሽ ሊያገለግል ይችላል። በዩክሬን ጦርነት ሁለቱም ወገኖች በገዛ ማወኪያቸው የገዛ ድሮናቸውን የጣሉባቸው ጊዜያት ነበሩ።

አንዱ መፍትሔ ድሮኑ ራሱ ማንነቱን በሬዲዮ እያስታወቀ እንዲበር ማድረግ ነው። አሜሪካ ከማርች 2024 ጀምሮ በምታስፈጽመው ደንብ መሠረት መመዝገብ ያለባቸው ድሮኖች መለያ ቁጥራቸውን፣ ያሉበትን ቦታና የአብራሪውን ወይም የተነሡበትን ቦታ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። ክፉ ያሰበ ሰው ይህን እንደሚያጠፋው የታወቀ ነው። ጥቅሙ ግን በሌላ በኩል ነው፤ ሕጋዊዎቹ ራሳቸውን ካስታወቁ ዝም ያለው ብቻውን ተለይቶ ይቀራል።

ማንነትን የማረጋገጥ ችግር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የለንደኑ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 19 እስከ 21 ቀን 2018 ድሮን ታየ በሚል ሪፖርት ማኮብኮቢያው ተዘግቶ ወደ 1,000 የሚጠጉ በረራዎችና 140,000 ያህል መንገደኞች ተስተጓጉለዋል። ፖሊስ ለወራት መርምሮ ጥፋተኛ ሳያገኝ መዝገቡን ዘግቷል። በቦታው ሰማዩን በአስተማማኝ መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ፣ ጥያቄው በሰዓታት ውስጥ መልስ ባገኘ ነበር።

ሞገድ ማወክ ሲባል ምን ማለት ነው? ለምን በየቦታው አይተከልም?

ማወክ ማለት በድሮኑና በሪሞቱ መካከል ያለውን ግንኙነት በበለጠ ኃይለኛ ሞገድ ማፈን ነው። የታፈነ የገበያ ድሮን እንደ አሠራሩ ባለበት ይቆማል፣ ቀስ ብሎ ያርፋል ወይም ወደተነሣበት ይመለሳል። ከጥይት ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ዘዴ ነው፤ ድሮኑን ሳይሰብር ማሳረፍ ከተቻለም ለምርመራ ጠቃሚ ማስረጃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 በሶርያ የሩሲያ ጦር ሰፈሮች ላይ 13 ድሮኖች በተላኩ ጊዜ፣ የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር እንዳስታወቀው ሰባቱ በፓንትሲር አየር መቃወሚያ ሲመቱ ስድስቱን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ተቆጣጥሯቸዋል። በዓመቱ ጁላይ 2019 ደግሞ ቦክሰር በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ በተሽከርካሪ የተጫነ ማወኪያ በሆርሙዝ የባሕር መተላለፊያ አንድ የኢራን ድሮን መጣሉን አሜሪካ አስታውቃለች።

ይሁን እንጂ 2.4 ጊጋኸርዝ የድሮን ብቻ አይደለም፤ የሆቴሉ ዋይፋይ፣ የስልኩ ብሉቱዝ፣ በሆስፒታልና በቢሮ ያለ ሽቦ የሚሠሩ መሣሪያዎችም የሚጋሩት ሞገድ ነው። ማወኪያ ድሮኑን ብቻ መርጦ አይመታም። የጂፒኤስ ምልክትን ማወክ ደግሞ ከዚህ የከበደ መዘዝ አለው። የጂፒኤስ ምልክት ከሳተላይት ተጉዞ ሲደርስ እጅግ የደከመ ስለሆነ ትንሽ ማወኪያ እንኳ በሰፊ አካባቢ ያጠፋዋል፤ በአዘዞ የሚገኘውን የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመጠበቅ ተብሎ የሚለቀቅ ሞገድ ራሱ ለማረፍ የሚቃረበውን የመንገደኛ አውሮፕላን ሊያሳስት ይችላል።

ይህ የግምት ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2024 ከባኩ ወደ ሩሲያዋ ግሮዝኒ ከተማ ይጓዝ የነበረ የአዘርባጃን የመንገደኞች አውሮፕላን ከተማዋ የድሮን ጥቃት ስትመክት በነበረበት ሰዓት ደረሰ። የጂፒኤስ ምልክቱ ታወከ፤ በሩሲያ አየር መከላከያም ተመታ። አብራሪዎቹ የተጎዳውን አውሮፕላን ይዘው የካስፒያንን ባሕር ተሻግረው በካዛክስታን አክታው ከተማ አቅራቢያ ወደቁ፤ ከ67ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 38ቱ ሞቱ። የሩሲያው ፕሬዚዳንት በኋላ ሚሳኤሎች ከአውሮፕላኑ አቅራቢያ መፈንዳታቸውን አምነዋል። ድሮንን የሚመክት ክፍል ከሲቪል አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ጋር በአንድ መስመር ካልተገናኘ፣ መከላከያው ራሱ አደጋ ይሆናል። በእኛ እምነት ይህ ግንኙነት ከማናቸውም መሣሪያ ግዢ መቅደም አለበት።

በፋይበር ገመድ የሚበሩ ድሮኖች አሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በሩሲያና በዩክሬን ጦርነት በብዛት ሥራ ላይ የዋሉት እነዚህ ድሮኖች እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ከጀርባቸው እየተረተሩ ይበራሉ፤ ክሩ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ትእዛዙም ምስሉም በክሩ ውስጥ ስለሚያልፍ ለአድማጭ አንቴና የሚሰማ፣ ለማወኪያም የሚታወክ ነገር የለም። በሞገድ ማወክ ላይ ብቻ ተማምነው የነበሩ ክፍሎች በዚህ ምክንያት በአንድ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። የቀረው መንገድ በራዳር፣ በካሜራና በድምፅ ማየት፣ ከዚያም በአካል መምታት ወይም መንገዱን መዝጋት ነው። በዩክሬን ግንባር አቅራቢያ ያሉ መንገዶች በሁለቱም ወገኖች የዓሣ ማጥመጃ በመሰለ መረብ ለብዙ ኪሎ ሜትር ተሸፍነው የሚታዩት ለዚህ ነው።

በክላሽ ወይም በዙ-23 መምታት አይቻልም?

ይህ ጥያቄ በአካባቢያችን ከሁሉ በላይ የሚደጋገም ስለሆነ በስሌት እንመልሰው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ይጓዛል። 200 ሜትር ላይ ያለ ዒላማ ጋ ለመድረስ ሲሶ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ በዚህች ቅጽበት በሰከንድ 20 ሜትር የሚበር ድሮን ስድስት ሜትር ያህል ፈቀቅ ይላል። ተኳሹ ድሮኑን ሳይሆን ስድስት ሜትር ቀድሞ ያለውን ባዶ ሰማይ ማነጣጠር አለበት፤ ድሮኑ አቅጣጫ ከቀየረ ያም ከንቱ ይሆናል። የእስራኤሉ ስማሽ የተባለ ኮምፒዩተር ያለው ማነጣጠሪያ ይህን ስሌት ራሱ እየሠራ ጥይቱ የሚገናኝበትን ቅጽበት ጠብቆ ስለሚያስተኩስ የብሪታንያ ጦርም ገዝቶታል። በቅርብ ርቀት ደግሞ ፍንጥርጣሪ የሚበትን የአደን ጠመንጃ ከክላሽ ይሻላል፤ ርቀቱ ግን ከጥቂት አሥር ሜትሮች አይበልጥም።

ዙ-23 የተባለው የአየር መቃወሚያ መድፍ በሁለት አፈሙዝ በደቂቃ እስከ 2,000 የሚደርስ ጥይት የመተኮስ ፍጥነት አለው። በድሮን ራዳር ካልተመራ ግን ሰው በዓይኑ እያየ ትንሽ ነጥብን ማሳደድ ይሆንበታል። ለዚህ ሥራ የተሻሻሉት የ35 ሚሊሜትር መድፎች የሚተኩሱት ጥይት ዒላማው ፊት ሲደርስ ራሱን ከፍቶ 152 ትንንሽ የተንግስተን ፍሬዎችን ይበትናል፤ ስለዚህ በትክክል መግጠም አያስፈልገውም።

በከተማ መካከል ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበው ያልመታው ጥይት የሚወድቅበት ቦታ ነው። ለደስታም ለኀዘንም ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ሰው እንደሚገድል በአካባቢያችን ማስረዳት አያስፈልግም። ማንም ግለሰብ ድሮን አየሁ ብሎ ወደ ላይ መተኮስ የለበትም፤ ድሮኑ ሊያደርስ ከሚችለው ጉዳት የተኩሱ ጉዳት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሚሳኤልስ?

ይቻላል፤ ዋጋው ግን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔራል ዴቪድ ፐርኪንስ የተባሉ የአሜሪካ ጦር አዛዥ አንድ ወዳጅ አገር 200 ዶላር የሚያወጣ ድሮንን 3 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ የፓትሪዮት ሚሳኤል መምታቱን ተናግረዋል። ሚሳኤሉ መትቷል፤ ሂሳቡን ግን ያሸነፈው ድሮኑን የላከው ነው። ድሮንን በድሮን ማሳደድ የተስፋፋው ስለዚህ ነው። በዩክሬን በጥቂት ሺህ ዶላር የሚሠሩ አሳዳጅ ድሮኖች በአሥር ሺዎች ዶላር የሚገመቱትን የሻሄድ ድሮኖች በአየር ላይ እየገጩ ይጥላሉ፤ መረብ ወርውረው ትንንሾቹን ሳይፈነዱ የሚይዙም አሉ። የሆላንድ ፖሊስ ንስሮችን አሠልጥኖ ድሮን ለማስያዝ ሞክሮ ነበር፤ ወፎቹ በታሰበው መጠን ስላልታዘዙና ወጪውም ስለከበደ እ.ኤ.አ. በ2017 ትቶታል።

ሌዘር ሁሉንም ችግር ይፈታል ይባላል። ምን ያህል እውነት ነው?

ሌዘር አንዴ ከተተከለ በኋላ ወጪው የኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ድራጎንፋየር የተባለው ሌዘሩ በአንድ ምት ከ10 ፓውንድ በታች እንደሚያስወጣ አስታውቋል፤ እስራኤልም በጋዛና በሊባኖስ ጦርነት ጊዜ በሌዘር በርካታ ድሮኖችን መጣሏን እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ይፋ አድርጋለች። ነገር ግን ጨረሩ በአንድ ነጥብ ላይ ለሰከንዶች ሳይነቃነቅ ማረፍ አለበት፤ አንድ ሌዘርም በአንድ ጊዜ አንድ ድሮን ብቻ ነው የሚያቃጥለው። አቧራ፣ ጉምና ዝናብ ጉልበቱን ይበትኑታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማይዋ በደመና በሚከበብ ከተማ ውስጥ በሌዘር ብቻ መተማመን አይቻልም። በአንድ ጊዜ ብዙ ድሮኖች ቢመጡ ኤሌክትሮኒክሳቸውን በአንድነት የሚያቃጥል ኃይለኛ ማይክሮዌቭ የተሻለ ተስፋ ያለው ይመስላል፤ ርቀቱ ግን አጭር ነው።

የጎንደር አቀማመጥ ለዚህ ሥራ ምን ለውጥ ያመጣል?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፕሮፔለር በሳሳ አየር ላይ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በበለጠ ፍጥነት መሽከርከር አለበት፤ ስለዚህ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ የሚሸከመውም ያንሳል። ይህ አጥቂውንም ተከላካዩንም እኩል ይነካል፤ ከሌላ አገር የሚገዛ አሳዳጅ ድሮን በወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን የበረራ ጊዜ እዚህ አያገኝም።

ሁለተኛው አቀማመጡ ነው። ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ ተዘርግታ፣ በሰሜን ጎሃ ተራራ ይመለከታታል። የራዳር ሞገድ ተራራን አያልፍም፤ አንድ ራዳር የትም ቢተከል ከሸለቆው የተወሰነው ክፍል በጥላ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ውድ ራዳር ከመግዛት ይልቅ መረጃቸውን በአንድ ማሳያ ላይ የሚያገናኙ ብዙ ትንንሽ አድማጮችን ማሰማራት ለእንዲህ ያለ መሬት ይሻላል ብለን እናምናለን።

በጥምቀት ዕለት ያልታወቀ ድሮን በፋሲል መዋኛ ላይ ቢታይ ምን መደረግ አለበት?

ጥር 10 ቀን ለከተራ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ መዋኛው ይወርዳሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ውኃው ሲባረክ በዙሪያው ያለው ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቆማል። በዚህ ሰዓት ከላይ ተመትቶ የሚወድቅ ነገር፣ ድሮንም ይሁን ጥይት፣ በባዶ መሬት ላይ የማረፍ ዕድል የለውም። ከዚህም የሚበልጠው ሥጋት ድንጋጤው ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት በዚያው ስፍራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰዎች መሞታቸውን የከተማዋ ሕዝብ አይረሳውም፤ የተኩስ ድምፅ ቢሰማ የሚፈጠረው ግፊያ ከማናቸውም ትንሽ ድሮን የከፋ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ሥራ የሚሠራው አስቀድሞ ነው። ለቀረጻ የተፈቀደላቸው ድሮኖች ዝርዝር፣ የሚበሩበት ሰዓትና የአብራሪዎቹ መቆሚያ ከበዓሉ በፊት መታወቅ አለበት፤ ያኔ ከዝርዝሩ ውጭ ያለው ሲነሣ ወዲያው ይለያል። አድማጭ አንቴና ካለ አብራሪው ያለበትን ስለሚያመለክት፣ ሁለት የጸጥታ አባላት ሄደው እንዲያሳርፈው ቢያደርጉት ጉዳዩ ማንም ሳይሰማ ያልቃል። ድሮኑ የተሸከመው ነገር እንዳለ በካሜራ ከታየ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ውሳኔው የሥልጣኑ ባለቤት የሆነው አዛዥ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያ እርምጃውም ታቦታቱንና ሕዝቡን በተረጋጋ መንገድ ከሥሩ ማንሣት መሆን አለበት።

ድሮን ለሥራ የምንጠቀም ሰዎች ምን ይጠበቅብናል?

በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን በጉምሩክ ይያዛል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ከአውሮፕላን ማረፊያና ከጦር ሰፈር አካባቢ መራቅ፣ በአካባቢው ላለው የጸጥታ አካል አስቀድሞ ማስታወቅና ፈቃዱን በእጁ መያዝ ይገባዋል። ማወኪያ መሣሪያ ደግሞ የመንግሥት የጸጥታ ተቋማት ሥራ ነው፤ ግለሰብ ወይም ሆቴል ገዝቶ ሊተክለው አይገባም።

ወድቆ የተገኘ ድሮን ቢኖር ምን እናድርግ?

አይንኩት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 በሰሜን ኢራቅ የኩርድ ፔሽመርጋ ተዋጊዎች አንድ ትንሽ ድሮን ጥለው ለምርመራ ወደ ሰፈራቸው ወሰዱት፤ በውስጡ የተደበቀው ፈንጂ ፈንድቶ ሁለት ተዋጊዎችን ገደለ፤ አብረዋቸው የነበሩ ሁለት የፈረንሳይ ወታደሮችንም አቆሰለ። ፈንጂ ባይኖረው እንኳ የተሰበረ የሊቲየም ባትሪ ከቆይታ በኋላ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ልጆችን ማራቅ፣ በአቅራቢያው ስልክም ሆነ ሬዲዮ ከመጠቀም ተቆጥቦ ራቅ ብሎ ለፖሊስ መደወል፣ ቦታውን በሩቅ ሆኖ እያመለከቱ ሌላ ሰው እንዳይቀርብ መከልከል ይገባል። ድሮኑ እንደወደቀ ሳይነካ ከቆየ በውስጡ ያለው የማስታወሻ ካርድና የበረራ መዝገብ ከየት እንደተነሣ ለመርማሪዎቹ ሊናገር ይችላል።